ለአማት ዓይን ጠብታ ማድረግ

አማት ያላችሁ ወንዶች ወዲህ ቀረብ በሉ። የሌላችሁም ቅረቡ፤ የነገን ማን ያውቃል።

እኔ አሽዶድ ወደብ ላይ መልገዛ ነጂ ነኝ። መልገዛ ማለት ያ ከፊቱ ሁለት የብረት ጣት ያለው፣ ዕቃ እያነሣ የሚደረድር መኪና ነው። ራስን ማመስገን አይሁንብኝና፣ በሬ የሚያህል ሣጥን አንሥቼ ጣት በማያሾልክ ክፍተት ውስጥ ሳልነካካ አስቀምጣለሁ። አለቃዬ "እጅህ ወርቅ ነው" ይለኛል። ይህን የምነግራችሁ ልኮራባችሁ አይደለም። ያ ወርቅ እጅ አንዲት የምስር ፍሬ የማታህል ጠብታ ከጠርሙስ ወደ ዓይን ማሻገር እንዳቃተው ስትሰሙ እንድታዝኑልኝ ነው።

ዓይኑ የአማቴ ነው።

አማቴ ከእኛ ጋር ሮቫ ሔት በሚባለው የአሽዶድ ሰፈር ነው የሚኖሩት። አንድ ጣራ፣ አንድ ድስት፣ አንድ መታጠቢያ ቤት እንጋራለን። ግን ከሠርጋችን ዕለት ጀምሮ ፊታቸውን በወጉ አይቼው አላውቅም፤ እሳቸውም የእኔን። በአገራችን ወግ አማትና አማች ዓይን ለዓይን አይተያዩም። እኔ ሳሎን ስገባ እሳቸው ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። እኔ ደግሞ ምንጣፉን እያየሁ አልፋለሁ። የቤታችንን ምንጣፍ ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው የለም።

ስሜንም አይጠሩም። ልጄ አድጋ ወታደር ሆናለች፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ "ሙሽራው" ነኝ። ለእኔ ያላቸውን ቃል ለሚስቴ ለብርቱካን ይነግሯታል፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ። "ሙሽራው በላ?" ይላሉ። "በልቻለሁ በያቸው" እላለሁ። "በልቷል እማ" ትላለች። ብርቱካን ቤት ከሌለች ደግሞ ለፍሪጁ ይነግሩታል። "ሙሽራው ሲገባ በሩን ባይወረውረው ምን ነበረበት" ይሉታል። ፍሪጁ እንደ ልማዱ ያጉረመርማል፣ እኔ በማግስቱ በሩን ቀስ አድርጌ እዘጋለሁ። እንዲህ ተከባብረን፣ አንድ ቀን ክፉ ቃል ሳንለዋወጥ ነው የኖርን። ክፉ ቃል ለመለዋወጥ መጀመሪያ ቃል መለዋወጥ ያስፈልጋል።

ታዲያ በዚህ በጋ የአማቴ ዓይን ማፍሰስ ጀመረ። ጧት ይፈስሳል፣ ማታ ይፈስሳል፣ የልጅ ቀልድ ሲሰሙም ይፈስሳል። ጎረቤት "ምን ኀዘን ደረሰባቸው?" እያለ ብርቱካንን ጥግ ይዞ ይጠይቃት ጀመር። አንዷማ ዳቦ ጋግራ ለልቅሶ መጣች፤ ሟች እንደሌለ ሲነገራት ዳቦውን ትታልን ቅር እያላት ሄደች። አማቴ በነጠላቸው ጫፍ ያሹታል፣ ያሹታል፣ ጨርሶ ቀላ።

ኩፓት ሆሊም ወሰድናቸው፤ እኛ ሰፈር ክሊኒክ የሚል የለም። እኔ መኪናውን ነድቼ፣ ከሐኪሟ በር ሥር ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምሁ። ሐኪሟ በመሣሪያዋ አየችና "ዓይናቸው ደርቋል" አለች። ብርቱካን ተረጎመች።

"እንዴት ያለ ነገር ነው?" አሉ አማቴ። "እንደ ምንጭ እየፈሰሰ ደረቀ ትለኛለች? ይች ልጅ ትምርቱን ጨርሳዋለች?"

ሐኪሟ ጨዋ ናት፣ በትዕግሥት አስረዳች። እንባ ውኃ ብቻ አይደለም አለች፤ ቅባት አለበት። ቅባቱ የሚመጣው ከዓይን ቆቡ ጠርዝ፣ ከሽፋሽፍቱ ሥር ካሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። እነዚያ ሲደፈኑ ውኃው ዓይን ላይ አይረጋም፣ ወዲያው ይተናል። ዓይን ሲደርቅ ይቆጠቁጠዋል፤ ሲቆጠቁጠው እርዱኝ ይላል፤ እርዱኝ ሲል ውኃ ይጎርፍለታል። ያ ውኃ ደግሞ ቅባት ስለሌለው ዓይኑን ሳያርስ ጉንጭ ላይ ወርዶ ይቀራል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ሲሉ የኖሩት አባቶቻችን ስለ ቅባቱ የነገራቸው አልነበረም።

አማቴ ጥቂት አሰቡና "እህ፣ ቅቤ አነሰው በይኛ" አሉ። ነገሩ ገባቸው። ከእኔ በፊት ገባቸው።

ሐኪሟ ቀጠለች። "ቤት ውስጥ ማዝጋኑ ፊታቸው ላይ ይነፍሳል?" ማዝጋን ቤቱን የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ ነው፤ እሱ ከሌለ በአሽዶድ በጋ ሰው አይኖርም።

ብርቱካን "ይነፍሳል" አለች ቀስ ብላ። "እናቴ ባሌ ሲገባ ፊቷን የምታዞርበት ግድግዳ ላይ ነው ያለው።"

ሐኪሟ እኔን ዞር ብላ አየችኝ። "እሱ በቀን ስንት ጊዜ ይገባል?"

እንግዲህ ተመልከቱ። ሰው የአማቱን ዓይን በክፋቱ ያስለቅሳል፤ እኔ በአክብሮት አደረቅሁት። ገባሁ፣ ዞሩ፣ ነፈሰባቸው፤ ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ዞሩ፣ ነፈሰባቸው። ያን ቀን ስንመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት ሶፋውን ከማዝጋኑ ማራቅ ነበር።

የግራው ዓይን ግን ከመድረቅም አልፎ ነበር። በነጠላ ጫፍ ከመታሸት ብዛት ብሌኑ ላይ ተጭሯል። ሐኪሟ ጠብታ አዘዘች፤ ጧት፣ ቀትር፣ ከቀትር በኋላ፣ ማታ። ሞቅ ያለ እርጥብ ፎጣ በተዘጋ ዓይን ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ ቆቡን በቀስታ መጥረግ። እንዳይታሽ። አቧራና ነፋስ እንዳይነካው። ቸል ካላችሁት ጭረቱ ይቆስልና ብርሃናቸውን ይወስደዋል ብላ አስጠነቀቀችን።

ለብርቱካን ቀላል ሥራ ነበር። ግን ሳይደግስ አይጣላም እንደሚባለው፣ ያን ዕለት ማታ ደግሞ ድግስ መጣ። ትንሿ እህቷ ሲጋል ወንድ ልጅ ወለደች። ብርቱካን ጓዟን ጠቅልላ አራሷን ልትጠብቅ እህቷ ሰፈር፣ ሮቫ ዩድ ዛይን ገባች።

ሮቫ ዩድ ዛይን ሩቅ አይደለም፤ አውቶቡሱ ካልቆመ የሻይ መጠጫ ጊዜ ያህል ነው። ርቀቱ ሌላ ነው። አማቴ በአባቶቻቸው ሥርዐት የጸኑ ሴት ናቸው። ወንድ የወለደች አራስ አርባ ቀን እስኪሞላት አትነካም፤ እሷን የነካም ሰው ታጥቦ እስኪመሽ እሳቸውን አይነካም። ለአራስ ጎጆ ለብቻ የሚሠራበት አገር ቀርቶ አፓርታማ ውስጥ ስንገባ ብዙዎች ትተውታል፤ እሳቸው አልተዉትም። ብርቱካን ቀን ሙሉ አራስ አቅፋ ሕፃን ስታጥብ ውላ እንዴት ትንካቸው?

ስልክ ደወለች። "አንተ አድርግላት" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ጠብታውን ነዋ። ማን አለ ሌላ ሰው?"

"አማቴን?"

"ታዲያ የማንን አማት?"

አማቴ ጩኸቴን ሰምተዋል። ተነሥተው ወደ ፍሪጁ ሄዱ። "ጠብታው ይቅር" አሉት። "እግዜር ሁለት ዓይን የሰጠ ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።" ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ሕፃኑን አርባ ቀን አልነካውም፣ አልስመውም። ማየት ግን ማንም አይከለክለኝም። ስምንተኛው ቀን ሲገረዝ፣ ስም ሲወጣለት፣ ቆሜ አየዋለሁ ብዬ ነበር። ያችን ብቻ ነበር የፈለግሁ።"

ፍሪጁ መልስ አልሰጠም። እኔ ግን ሰማሁ። እጄን ታጥቤ ጠብታውን አነሣሁ።

የመጀመሪያው ሙከራችን እንዲህ ነበር። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫ ሳቡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደ ዋዛ መጨፈን አይደለም፤ ግንባራቸው እስኪጨማደድ ነው። አማች ቀርቦ ዓይን ሊከፈት? እኔም ነውር እንዳይሆንብኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እጄን ብቻ ሰደድሁ። አንዷ ጠብታ አገጫቸው ላይ አረፈች። ሁለተኛዋ ጆሯቸው ውስጥ ገባች። ሦስተኛዋ የት እንደሄደች እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ጫማዬ ግን ረጥቦ ነበር። በወደቡ ላይ እንዲህ ባወርድ ኖሮ ግማሹ የአገሪቱ ዕቃ ባሕር ውስጥ ነበር።

"እማማ፣ ትንሽ ቢከፍቱልኝ" አልሁ ለመስኮቱ።

"ሙሽራው አይድከም" አሉ ለፍሪጁ።

በማግስቱ ሶፋው ላይ ጋደም እንዲሉ ለመንሁ። ጋደም አሉ፣ ጨፈኑ። በሰያፍ እያየሁ አንዲት ጠብታ ጣልሁ፤ የተዘጋው ዓይን ጥግ ላይ፣ በአፍንጫቸው በኩል ካለችው ጎድጓዳ ላይ አረፈችና ቀረች። ተስፋ ቆርጬ "ይቅርታ እማማ" ብዬ ዞርሁና መሄድ ጀመርሁ። እሳቸው የሄድሁ መስሏቸው ዓይናቸውን ገለጥ ሲያደርጉ ጠብታዋ ተንሸራታ ገባች።

"ገባ" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሥርዐት አበጀን። እሳቸው ጨፍነው ጋደም ይላሉ፤ እኔ ከጥጉ ላይ ጠብ አድርጌ ፊቴን አዞራለሁ፤ ዓይናቸውን ይገልጣሉ። "ገባ" ወይም "አልገባም" ይላሉ። ወጉም ተጠበቀ፣ ዓይኑም ረጠበ። ፎጣውን ሞቅ አድርጌ አመጣላቸዋለሁ። አንድ ቀን ሙቀቱን ልለካ ብዬ መጀመሪያ በራሴ ዓይን ላይ ባደርገው ከድካሜ ብዛት እዚያው አንቀላፋሁ። ስነቃ ላዬ ላይ ብርድ ልብስ ተጥሎ ነበር። ማን እንደጣለው አልጠየቅሁም፤ ፍሪጁ እንዳልሆነ ግን ዓይኔን ግንባር ያርገው።

ይህ ሁሉ ሰላም የፈረሰ ፈረቃዬ ተቀይሮ ቀን ሙሉ ወደብ በዋልሁበት ዕለት ነው። የቀትሯን ጠብታ እንድታደርግልኝ ከታች ያለችውን ጎረቤታችንን ማዛልን ለመንኋት። ማዛል ልቧ ሰፊ፣ እጇ ብርቱ፣ አፏ የማይዘጋ ሴት ናት። አማቴ ዕብራይስጡ ብዙም አይገባቸውም፣ እሷ ደግሞ አማርኛ አታውቅም፤ ግን ሁልጊዜ ተግባብተው ይለያያሉ። ያን ቀን ማዛል ሐሪፍ፣ ያን የሚያቃጥል ቃርያ፣ ስትከትፍ ቆይታ ነበር። እጇን ታጥባለች፤ ለሐሪፍ የሚበቃ መታጠብ ግን አልነበረም። የአማቴን ቆብ በጣቷ ፈልቀቅ አድርጋ ያዘች።

ወደብ ድረስ ተደወለልኝ። ስደርስ አማቴ ከቧንቧው ሥር ናቸው፣ ማዛል አጠገባቸው ቆማ ከእሳቸው ይልቅ ታለቅሳለች። ወዲያው ወደ ሐኪሟ በረርን። በዚህ ጊዜ ተርጓሚውም እኔ ነኝ፤ አማቴ ቃላቸውን የሚነግሩት ፍሪጅ ስለሌለ ግድግዳው ላይ ለተሰቀለው የዓይን መመርመሪያ የፊደል ሰሌዳ ነገሩት።

ሐኪሟ መረመረችና ትንፋሿን ለቀቀች። "የቀኙ ድኗል ማለት ይቻላል። ቃርያውም ታጥቦ ወጥቷል። የግራው ጭረት ግን አልዘጋም። ጠብታ ብቻ አይበቃም፤ ይህን ወፍራሙን ቅባት የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርገህ፣ ዓይናቸው ተከፍቶ ወደ ላይ እያዩ፣ ውስጡ ታደርገዋለህ።"

"ተጨፍኖ አይሆንም?"

"አይሆንም። ተከፍቶ ነው።" ከዚያ ቀስ ብላ ጨመረች። "የግርዘቱ ዕለት፣ ከብሪቱ በፊት፣ ጧት አምጣቸው። ካልተሻለ ዓይኑን አሽጌው ቤት ይቀመጣሉ። ነፋሱን እያየኸው ነው።"

እውነቷን ነው፤ ሻራቭ የሚሉት የበረሃ ነፋስ ገብቶ ከተማው አመድ መስሎ ነበር። የነገረችኝን ለሰሌዳው ተረጎምሁለት። አማቴ ቤት እንደገባን ስልካቸውን አንሥተው ለማኅበራችን ቄስ ደወሉ። ጆሯቸው ስለከበደ የሚነጋገሩት ድምፁን ከፍተው ነው፤ እኔ ኩሽና ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ።

"አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አማት ለአማቿ ዓይኗን ብትከፍት ነውር ነው ወይ?"

"ለምን ትከፍታለች?" አሉ ቄሱ።

"ደርቆ ነው። ቅባት ሊያደርግልኝ ነው።"

ቄሱ መጽሐፍ ሲያገላብጡ ተሰማኝ። "ነፍስ ለማዳን ሰንበት እንኳ ይሻራል" አሉ በመጨረሻ። "ዓይን ደግሞ የነፍስ መስኮት ናት። ወጉ የወጣው እንድትከባበሩ ነው እንጅ እንድትታወሩ አይደለም። ይክፈቱለት።"

"እግዜር ይስጥልኝ አባ።"

"ቆይማ" አሉ ቄሱ። "የእኔም እንዲህ ያፈሳል። የመድኃኒቱን ስም ሙሽራው ይንገረኝ እስቲ።"

ነገርኋቸው።

ቄሱ ከፈቀዱ በኋላ ሰበብ አልቀረም። መብራቱ ሥር ወንበር አኖርሁ፣ እጄን እንደ ቀዶ ጥገና ሐኪም እስከ ክርኔ ታጠብሁ። አማቴ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው ላይ ያዙ፣ ለቀቁ፣ እንደገና ያዙ። ከዚያ ወደ ትከሻቸው ጣሉት።

"እማማ፣ ወደ ላይ ይመልከቱ" አልሁ፣ ምንጣፉን እያየሁ። ግን ምንጣፉን እያዩ ዓይን አይገኝም። ቀና አልሁ።

ከብርቱካን ዓይን ጋር ዘመኔን ስኖር የማን ዓይን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ያው ነው። ዳሩ በዕድሜ ሰማያዊ ቀለበት አውጥቷል፣ ግራው ቀልቷል፣ ግን ያው ነው። ጣቴ ቆቡ ሥር ሆኖ ቀረ።

እሳቸው ወደ ላይ አላዩም። እኔን ነበር የሚያዩኝ። ከግንባሬ ጀምረው፣ ቀስ ብለው፣ እስከ አገጬ ወረዱና ተመልሰው ወጡ።

"ሸብተሃል" አሉኝ።

ለፍሪጁ አይደለም። ለእኔ ነው።

"አዎ፣ እማማ።"

"መቼ?"

"ቀስ በቀስ ነው።"

"ሠርግህ ዕለት በነጠላዬ ቀዳዳ አይቸህ ነበር" አሉ። "ጢም እንኳ አልነበረህም። እኔ እስከ ዛሬ በሩን የሚወረውረው ያ ልጅ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሽማግሌ ነው ከቤቴ እሚኖር። ምነው፣ ደክሞሃልሳ ልጄ።"

በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ፍቅር ለእናቴም ነግሬያት አላውቅ። ዓይናቸው መድረቅ ስለሌለበት ግን ቶሎ ብዬ "ወደ ላይ" አልሁ፤ ወደ ላይ አዩ። ቅባቱ ቀጥ ብሎ ገባ።

የብሪቱ ዕለት ጧት ሐኪሟ አየችና "ጭረቱ እየዘጋ ነው፣ ይሂዱ" አለች። "መነጽር አድርገው፣ ጠብታው ኪስህ ውስጥ ሆኖ።" አማቴ የልጄን ትልቅ ጥቁር መነጽር ከነጠላቸው በላይ አደረጉ። ያየ ሰው ሁሉ ዘፋኝ መጣች ይል ነበር።

አዳራሹ ሮቫ ዩድ ዛይን ውስጥ ነው። ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች በአንድ ወገን። እኔ ከወንዶቹ መካከል ሆኜ አማቴን ከሩቅ እከታተላለሁ። ከመኪናው እስከ በሩ ባለችው መንገድ ነፋሱ ሳይነካቸው አልቀረም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ያርገበግባሉ። እጃቸው ወደ ነጠላቸው ጫፍ ሄደና መለስ አለ፤ አላሹትም። በዚያው ጊዜ ብርቱካን ሕፃኑን አቅፋ ብቅ አለች፤ ሰው ሁሉ እልልታውን አቀለጠው። ሕፃኑ በሴቶቹ ፊት አልፎ ወደ ገራዡ ሊሄድ ነው። አማቴ አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ አሉ፣ ጭጋግ ውስጥ ሰው እንደሚፈልግ። ብርቱካን አየቻቸው፣ ገባት፤ ግን ልጁን ይዛለች፣ መንካት አትችልም። ባለችበት ቆመች።

ያን ጊዜ አማቴ ወደ ወንዶቹ ዞረው ስሜን ጠሩ።

ስሜን እንደሚያውቁት እንኳ እርግጠኛ አልነበርሁም። እልልታው ቀስ በቀስ በረደ። ወንበሮቹን እየገፋሁ ወደ ሴቶቹ ተሻገርሁ። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገልጠው፣ ቀና ብለው ጠበቁኝ። ታላቅ እህታቸው ከአጠገባቸው ተቀምጠው ነበርና ክንዳቸውን ያዙ።

"ምነው እህቴ፣ በሰው ፊት? አማችሽ እኮ ነው።"

"ከእሱማ ምን እደብቃለሁ" አሉ አማቴ። "ዓይኔን አይቶታል።"

ጠብታዋን ከኪሴ አወጣሁ። ዓይናቸው ተከፍቶ ነበር፤ አልተጨፈነም፣ ወደ ግድግዳም አልዞረም። እጄ አልሳተም። "ያርገብግቡት እማማ" አልሁ፤ አርገበገቡት። ከዚያ በትከሻዬ በላይ ብርቱካን ሕፃኑን አቅፋ ወደ ቆመችበት አዩ፣ አዩ፣ ከግንባር እስከ አገጭ ቀስ ብለው ወርደው ተመልሰው ወጡ።

"አየሁት" አሉኝ።